ባህርዳር አካባቢ ፈረስ በደንብ የሚገራ ሰው እንዴት ነው የሚገኘው?

ቦቃ_ባህርዳር ጠየቀ፦

ሰላም ወገን፣ የሚያውቅ ካለ በናታችሁ እርዱኝ። ዘንድሮ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ ሄጄ ነው ልቤ የሸፈተው፣ ሳላስበው በሳምንቱ ተመልሼ አንድ ዳማ ፈረስ ገዛሁ። ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ (ነጭ ምልክት) አለችው ስሙም ቦቃ ሆኖ ቀረ። ሻጩ 6 ዓመቱ ነው ብሎኛል። በአይሱዙ ጭነን አመጣነው፣ አሁን ዘንዘልማ መንገድ ላይ እናቴ ግቢ ነው ያለው፣ ሜዳ አለ ሳርም አለ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሻጩ እኔ እያየሁ ወጥቶበት ሶምሶማም ሽምጥም አሳይቶኛል፣ በግ ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ኮርቻ ያስጭናል፣ ልጓምም ያስገባል፣ እርካብ ላይ እግሬን ላስገባ ስል ግን ቂጡን አዙሮ ይሽከረከራል፣ ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል አንዴ ደግሞ ረግጦኛል ጭኔ ጠቁሮ ሰነበተ። ባጃጅ ካየ ደግሞ አይነሳ፣ አስፋልቱን ለመሻገር ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ።

እና ሰው ጠይቄ አንድ በጣም ይችላል የተባለ ሰውዬ አገኘሁ። ለሶስት ቀን 3500 ብር ተስማማን። እኔ ስራ ነኝ፣ ማታ ስመለስ ነው የማየው። ለካ ባህር ዛፍ ላይ አስሮ ጥሬ ሳይሰጠው ውሎ በአለንጋ ነው ያስተማረው፣ በሶስተኛው ቀን "በል ውጣበት" አለኝ፣ ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል፣ ወጣሁ አልተንቀሳቀሰም፣ ተገራ ብዬ ደስ አለኝ። በነጋታው ጠዋት ለማሰሪያ ገመድ ይዤ ስገባ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩን ገልጬ ሳይ የአፉ ጥግ ተቀዷል። እናቴ አይታ አለቀሰች፣ እኔንም "አንተ ነህ ያስመታኸው" ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ጥያቄዬ፣ ጥሩ ገሪ እና ገራፊ ሰው ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት በምን ልለየው? ሁሉም "እኔ ከልጅነቴ ፈረስ ላይ ነው ያደግኩት" ነው የሚለው።

—

ጣና_ዳር፦

ሽጠውና ባጃጅ ግዛበት፣ ያኔ ሌላውን ፈረስ አንተ ታስደነብራለህ ሃሃሃ። ይቅርታ ወንድሜ ስቀልድ ነው። ግን ስሙን አስተካክለው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው ባገራችን ሰው ነበር በፈረሱ ስም የሚጠራው፣ አባ ቦቃ እንበልህ?

—

የአዊ_ልጅ፦

ወንድሜ ስለ ገሪው ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስትወጣበት በየት በኩል ነው የምትወጣው? በግራ ከሆነ ምናልባት ችግሩ ግማሹ እዚያ ጋ ነው። ድሮ አባቶች ጎራዴ በቀኝ ጎናቸው ስለሚታጠቁ ፈረስ ላይ በቀኝ በኩል ነበር የሚወጡት፣ እኔ አያቴን እስኪሞት በቀኝ ሲፈናጠጥ ነው የማውቀው፣ እርካቡንም በጫማ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ነበር የሚቆነጥጠው። አሁን ወጣቱ ፊልም እያየ በግራ ነው የሚወጣው። ፈረስ ደግሞ በአንድ ጎኑ የለመደውን በሌላው ጎኑ እንደ አዲስ ነው የሚያየው፣ አንተ በግራ ስትመጣበት ይሄ ሰውዬ ምን ሊያደርገኝ ነው ብሎ ነው የሚዞረው። ሻጩ ጋ ደውልና ጠይቀው፣ ምንም አያስከፍልህም።

ስለ ገሪ ምርጫ የኔን ልንገርህ። የኛ የአገው ፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ጀምሮ ያለ ነው፣ ፈረሰኛ በሽ ነው፣ ጥር 23 ሜዳው ላይ ያየኸው ሽምጥና ጉግስ ግን እንዳያታልልህ። እዚያ ያየኸው ጋላቢ ነው። ጋላቢ ሌላ ገሪ ሌላ። አንዳንዱ ጎበዝ ጋላቢ ሌላ ሰው የገራውን ነው የሚጋልበው፣ ራሱ ጥሬ ፈረስ ስጠው ቢሉት በአንድ ወር ያበላሸዋል። ገሪ ስትፈልግ ሰውየውን ተወውና የራሱን ፈረሶች ሄደህ እይ። ከንፈራቸውን ግለጥ፣ ጥጉ ላይ ነጭ ጠባሳ ካለ ተመለስ። ኮርቻውን አስወርደህ ጀርባቸውን እይ፣ ገጣባ ካለ ወይ ጫንቃው (አንገቱና ጀርባው የሚገናኙበት) ላይ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ የበቀለ ካለ ኮርቻው ሲበላው የኖረ ነው። ከዛ ሰውየው ወደ ጋጣው ሲገባ ፈረሱን እይ፣ ጆሮውን ወደሱ አድርጎ ይጠብቀዋል ወይስ ጥግ ይይዛል? ሰው ይዋሻል ፈረስ አይዋሽም።

ሌላው ልጓሙ። ያገራችን የጥንቱ ልጓም መንጋጋውን የሚዞር ቀለበት ያለው ነው፣ እጁ ለስላሳ የሆነ ሰው በሁለት ጣት ነው የሚይዘው፣ ከባድ እጅ ላይ ሲወድቅ ግን ቢላ ነው። ያንተ ሰውዬ በምን እንደቀደደው ገብቶኛል። ልጓም ሲያስገባ ጥርስ በብረት የሚነካ፣ ዛቡን (የልጓሙን መያዣ ጠፍር) ተንጠልጥሎበት የሚወጣ ሰው ካየህ ሌላ ምንም አትጠይቀው።

—

ጋሪ_ነጂ_የነበረ፦

እኔ ባህርዳር ውስጥ ወደ አስር ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ፣ አሁን ባጃጅ ላይ ነኝ (አዎ ከድቻለሁ)። ስለ ባጃጁ ላውራህ እሱን የሚያውቀው የለምና።

ፈረስ ዓይኑ በጎንና ጎን ነው፣ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ሁሉንም ያያል፣ የማያየው ልክ ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ስር ያለችውን ትንሽ ቦታ ነው። ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ድንገት ጎኑ ላይ ብቅ ሲል ለሱ ከመሬት የወጣ ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ለጋሪ ፈረስ የዓይን መከለያ የምናደርገው፣ አንተ ግን ለግልቢያ መከለያ አታድርግ፣ ማየት አለበት። ባጃጁ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም ክላክሱን ያንጫርረዋል፣ ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው ነገሩ።

እኔ አንድ ባዝራ ነበረችኝ፣ ከአዴት በኩል የመጣች፣ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ባየች ቁጥር ጋሪውን ቦይ ውስጥ ነበር የምትከተው። አንድ ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ነው ያስተማረኝ። ጋሪውን ፈታሁ፣ በገመድ ብቻ ይዤያት ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ሩቅ፣ ጆሮዋን ቀስራ ግን እግሯን የማታነሳበት ቦታ ላይ ቆምኩ፣ ፉርሽካ በባልዲ ሰጠኋት። መጀመሪያ አፏን ሞልታ ማኘክ ትታ ታያለች። ማኘክ ስትጀምር እኔም ይዣት ሄድኩ፣ አበቃ፣ የዚያን ቀን ትምህርት ያ ነው። በነጋታው አምስት እርምጃ ቀረብን። ቁም ነገሩ ስትረጋጋ ነው የምትሄደው እንጂ ስትደነብር አይደለም፣ ስትደነብር ይዘሃት ከሄድክ መደንበር ከባጃጅ ያድናል ብላ ትማራለች። በአስራ ምናምነኛው ቀን የባጃጁን ወንበር ስታሸት አገኘኋት፣ ሹፌሩ ሙዝ ሰጥቷት ልጣጩ እንኳ አልተረፈም።

ሌላ ርካሽ አስተማሪ ልንገርህ፣ የድሮ ጋሪ ፈረስ። ዘንዘልማ አካባቢ አይጠፋም። ምንም የማይደነቀውን አንዱን ሽማግሌ ፈረስ ለሳምንት ተከራይና ከቦቃ ጎን ጎን አስፋልት ዳር አስሂደው። ፈረስ ከፈረስ ነው የሚማረው።

—

ዘብ_የለው፦

የዘንድሮ ልጅ ፈረስ በፉርሽካ እየለመነ ሊገራ ነው? ያለ አለንጋ የተገራ ፈረስ አይቼ አላውቅም። አባቶቻችን በፈረስ አድዋ የዘመቱት ሙዝ እያበሉ ነው? አንተ ደግሞ ፈረስህን ገብስ እያበላህ ቀኑን ሙሉ አስረህ ታውልና ማታ ላይ "ለምን ይዘላል" ትላለህ። የተቀለበ ድንጉላ ስራ ከሌለው ይረግጣል አለቀ። ስራ ስጠው!

—

የአዊ_ልጅ፦

ጋሼ በስራው ነገር እስማማለሁ፣ ቦቃ ይሄን ስማቸው፣ ገብሱን ቀንስና ሳርና ድርቆሽ ይብላ፣ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ በገመድ ይሂድ። ካልሰራ ገብስ አያስፈልገውም። በአለንጋው ግን አልስማማም። አለንጋ የያዘና በአለንጋ የሚገራ አንድ አይደሉም፣ አያቴም ይይዝ ነበር፣ ሲመታበት ግን አላየሁም፣ እንደ ጣቱ ነበር የሚጠቁምበት። ጦርነት ውስጥ ተቀምጠውበት የሚዋጉበት ፈረስ ጌታውን የሚፈራ ከሆነማ የት ያደርሳቸው ነበር።

—

ዘብ_የለው፦

እሺ አያትህ ጨዋ ነበሩ። እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩ።

—

የሐይቅ_ሐኪም፦

እንስሳት ህክምና የተማርኩ ነኝ፣ እዚሁ ባህርዳር ነው ያለሁት። ሁላችሁም ስለ ገሪ ታወራላችሁ፣ ፈረሱ ግን አሁን ታማሚ ነው። አፉ እስኪድን ልጓም የሚባል ነገር እንዳይገባ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት በገመድ ብቻ። ቁስሉን ንጹህ ውሃ ከጨው ጋር ቀላቅለህ እጠበው፣ ከሸተተ ወይ ካበጠ ግን ክሊኒክ ውሰደው። ጀርባውንም በጣትህ ከጫንቃው እስከ ወገቡ ቀስ እያልክ ተጫነው፣ ጀርባውን ወደ ታች የሚሰብር ወይ ጭራውን የሚያወናጭፍበት ቦታ ካለ ያመዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ "አመለኛ ነው" የሚባለው ፈረስ የሚያመው ፈረስ ነው፣ ይሄ ሳይታይ ገሪ መፈለግ ገንዘብ መጣል ነው። ጥሩ ገሪም ራሱ መጀመሪያ የሚያየው ይሄንን ነው፣ ሳያይ ኮርቻ አምጣ ካለህ አሰናብተው።

ሁለተኛ ዕድሜውን በሻጩ አፍ ሳይሆን በፈረሱ አፍ እይ። ከፊት ያሉት መካከለኛዎቹ የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል አካባቢ ይቀየራሉ፣ ከነሱ ጎን ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳር የዳሮቹ በ4 ተኩል። የዳሮቹ ገና ትናንሽ የወተት ከሆኑ ወይ ግማሽ ብቅ ብለው ከሆነ 6 ዓመት የሚባል ነገር የለም። ያኔ ጥርሱ እየወጣ ድዱ እያመመው ብረት እየጎረሰ ነው ማለት ነው፣ አጥንቱም ገና አልጠነከረም፣ የሽምጥ ጊዜውም አይደለም።

ሶስተኛ ከርዕሱ ብወጣም ልናገር። እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፣ ባህርዳር 1800 አካባቢ፣ ደጋ የለመደ ፈረስ እዚህ ሐይቅ ዳር ሙቀቱም ነፍሳቱም አዲስ ነው የሚሆንበት። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ ተናካሽ ነፍሳት ናት፣ ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትወጣው፣ ክረምት ሲወጣ ትበዛለች። ጤነኛ የነበረ ፈረስ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ክትባቱ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ክረምት ሳይገባ አስከትበው፣ ማታ ማታም ከውሃ ዳር አርቀህ ጋጣ አስገባው። ለገሪ 3500 የከፈለ ሰው ለክትባት እንዳይሰስት!

—

ቦቃ_ባህርዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለሻጩ ደወልኩለት። "በየት በኩል ነው የምትወጣው" ስለው "በቀኝ ነው እንጂ በየት ይወጣል" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ በግራ ነበር፣ ያ 3500 የበላው ሰውዬም በግራ። ጭኔ ላይ ያለው ጥቁረት ገና አልለቀቀም፣ አንድ ስልክ ነበር የሚበቃው።

ጥርሱን እናቴ ቆሎ ይዛ እያባበለችልኝ አየሁ (ከኔ ይልቅ እሷን ነው የሚያምነው)። የዳሮቹ ጥርሶች ታች ያሉት አንዱ ብቅ ብሏል አንዱ ገና የወተት ነው። ለሻጩ ይሄንንም ልነግረው ስደውል አላነሳም ሃሃ።

—

እመቤት_ጋላቢ፦

ወንድሜ እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ግልቢያ ተምሬያለሁ፣ አሁን ባህርዳር ገብቻለሁ ፈረስ የለኝም በቅናት ነው የማነበው። ስለ ውሉ ማንም አላነሳም እኔ ላንሳ። በቀን ቆጥረህ አትዋዋል፣ "በሶስት ቀን እገራልሃለሁ" ያለህ ሰው ፈረሱን እንዲደክም እንጂ እንዲያውቅ አያደርግም፣ ቀኑ ሲያልቅበት መምታት ይጀምራል። በየምዕራፉ ክፈለው፣ አንድ ጊዜ መጥቶ በሰራ ቁጥር የዚያን ቀን ብቻ። አንተ በሌለህበት እንዳይሰራ፣ "ሰው ካለ ፈረሱ ይረበሻል" ካለህ ደህና ሁን በለው። እና ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ፈረሱ ላይ የሚቀመጠው አንተ ነህ እንጂ እሱ አይደለም፣ ስለዚህ ካንተ ጋር ማስተማር የማይፈልግ ገሪ ምን ያደርግልሃል? ፈረሱ ለሱ ተገርቶ ላንተ አይገራም፣ ያው ሻጩ ጋ ያየኸው ነገር ነው።

ሄልሜት ደግሞ አድርግ በናትህ፣ የሳይክልም ቢሆን ከባዶ ጭንቅላት ይሻላል፣ ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

—

ቦቃ_ባህርዳር፦

ቆይቼ ተመለስኩ፣ ወደ አምስት ሳምንት ሆነ። አፉ ድኗል፣ ተከትቧል፣ ገብሱ ቀርቷል (ጋሼ ዘብ የለው ልክ ነበሩ፣ ገብሱ ሲቀንስ ግማሹ እብደት ጠፋ)።

ገሪ አገኘሁ። በመሸንቲ በኩል ያሉ አንድ አዛውንት ናቸው፣ አገር የሚያውቃቸው ፈረሰኛም አይደሉም፣ ድሮ በቅሎ ሰጋር ያደርጉ ነበር አሉ። እንዳላችሁት መጀመሪያ ቤታቸው ሄጄ የሳቸውን ፈረሶች አየሁ፣ ሁለት ናቸው፣ አንዷ ባዝራ ስንገባ ተኝታ ነበር፣ አልተነሳችም እንኳ። ከንፈሯን ገልጬ ሳይ ሽማግሌው "ምን አጣህ?" አሉኝ፣ አፈርኩ፣ እውነቱን ነገርኳቸው። "እንዲህ ነው እንጂ፣ ሰው ሲገዛ ጥርስ ያያል ሲያስገራ ግን አያይም" አሉኝ። በመጡ ቁጥር 500 ብር እና ትራንስፖርት ተስማማን። ቡና አልፈልግም ሻይ ነው የሚሉ ሰው ናቸው እናቴ ቅር ብሏታል።

መጀመሪያ ቀን መጥተው ማን ነው የሚያበላው፣ ማን ነው የመታው፣ የት ነው የሚተኛው ብለው ጠየቁ። ከዛ ጉልበቴን ያመኛል ብለው በርጩማ አስመጥተው ጋጣው ደጅ ተቀመጡ፣ ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከኔ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። ፈረሱ ገመዱን አይቶ መጀመሪያ ግድግዳ ያዘ። እሳቸው አላዩትም፣ ወይ እንዳላየ ሆኑ። በኋላ እኛ ወሬ ላይ እያለን መጥቶ ገመዱን አሸተተ፣ ትከሻቸው ላይ ተነፈሰ፣ እሳቸውም ገመዱን ይዘው ተነሱና ወጡ፣ የዚያ ቀን ስራ አለቀ። እውነት ለመናገር ለዚች ነው 500 ብር ብዬ አስቤ ነበር።

በሶስተኛው መምጣት ነው የገባኝ። በቀኝ በኩል ቆመው መዳፋቸውን ኮርቻው ላይ አድርገው ትንሽ ተጫኑ፣ ፈረሱ አንድ እግሩን አነሳ፣ እሳቸው አልለቀቁም፣ እግሩን ሲያሳርፍ ወዲያው ለቀቁ። ደገሙት። ከዛ በክንዳቸው፣ ከዛ በደረታቸው ተንጠለጠሉበት፣ ሁሌም የሚለቁት እሱ ሲቆም ነው። ከዛ ያንኑ በግራ በኩል ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ በግራ ሲሆን ያ የሚያዞረው ነገር መጣ፣ አልጮሁም አብረውት ዞሩ፣ ሲቆም እጃቸውን አነሱ። አስር ጊዜ ያህል ሆነ መሰለኝ። በመጨረሻ "አንተ ና" አሉኝ። እኔ ስሞክር ቆሞልኝ ሳለ በደስታ መልቀቁን ረስቼ እንደተጫንኩት ቆየሁ፣ እጄን በጥፊ መቱኝና "ልቀቅለት እንጂ! ቆመልህ አይደል፣ ሌላ ምን ያድርግልህ?" አሉኝ። ፈረሱን አንድ ቀን አልመቱም፣ እኔን ግን ሁለት ጊዜ።

አሁን በሁለቱም በኩል እወጣለሁ፣ በርምጃ ብቻ ነው፣ ሽምጥ እስከ ሚቀጥለው ዓመት የለም ብለውኛል ጥርሱም አጥንቱም ይድረስ ብለው። ባጃጁ ገና ነው፣ ጋሪ ነጂው እንዳለው በባልዲ ጀምረናል፣ ከአስፋልቱ ሃያ እርምጃ ላይ ደርሰናል፣ አይሱዙ ሲመጣ ግን አሁንም ባልዲውን ገልብጦ ይሸሻል። አዲሱን የአባይ ድልድይ ስለመሻገር ገና አላሰብንም።

አንድ ነገር ቀረ፣ ሽማግሌው ኮርቻውን አይተው "ይሄ የሌላ ፈረስ ጀርባ ነው" አሉኝ፣ ጫንቃው ላይ ያርፍበታል። ባህርዳር ውስጥ ያገራችንን ኮርቻ ፈትቶ የሚያስተካክል ቆዳ ሰፊ የሚያውቅ አለ?